በሣሩ ሜዳ ላይ ስለተተከለው የአንድ ቀን ደን

ለክቡር የደን ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔን እንቅልፍ የወሰዱት ሰው ቢያንስ በደንብ ይተኙበት ብዬ ነው። እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ የምርምር ጣቢያውን የምጠብቅ ዘበኛ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ አገሬም ሩቅ ስለሆነና እዚህ ተያዥ የሚሆነኝ ዘመድ ስለሌለኝ፣ ለትልቅ ሰው ስጽፍ ብሳሳት አይፍረዱብኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ የጣቢያውን የሥነ ምህዳር ተመራማሪ፣ ዶክተራችንን፣ የተተከሉትን ችግኞች አቃጥለዋል ብሎ ከሷቸዋል፤ ለእኔም «ሲያቃጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል የምስክርነት ቃል ተጽፎ እንድፈርም ተልኮልኛል። ካልፈረምኩ ሥራዬን እንደማጣ በትሕትና ያስረዱኝ ምክትልዎ ናቸው። እንግዲህ መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ሜዳውን «ባዶ መሬት» ብለው ስለሰየሙልን አመሰግናለሁ። ዶክተሯ ሳቫና የሚሉት፣ ሣር የሞላበትና ግራር አልፎ አልፎ የቆመበት ይህ ሜዳ፣ ደን መሆን አቅቶት የቀረ ሳይሆን ተፈጥሮው እንዲሁ መሆኑን፣ ሣሩም አየሩን የሚያሞቀውን ካርቦን በሥሩ ይዞ ከመሬት በታች እንደሚያኖር በስብሰባ ላይ ተነሥተው አስረድተው ነበር። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ «ዶክተር፣ ሣር እኮ ፎቶ ላይ አያምርም» ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። በዚያው ሳምንት ትራክተር ገብቶ፣ ዶክተሯ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲከታተሉት የኖሩትን ሣር ከነሥሩ ገለበጠው።

ሁለተኛ፣ በተገለበጠው መሬት ላይ «ደን» ብላችሁ በአንድ ቀን ተክላችሁ ያስመረቃችኋቸው ችግኞች ከምርቃቱ በኋላ ውኃ የሚባል ነገር ሳያዩ ቆመው ደረቁ። ዝናቡ እንደ ድሮው በወቅቱ እንደማይመጣ ቀድሞ ተነግሯችሁ ነበር።

ሦስተኛ፣ ደኑን የሚያዩ ጎብኚዎች በሚመጡበት ቀን ዋዜማ ሠራተኞችዎ ለምርምር ቁጥር የተሰጣቸውን ግራሮች በመጥረቢያ መልምለው፣ ቅርንጫፉን በደረቁት ችግኞች ጉድጓድ ቸከሉት። የምርምር ዛፎች መሆናቸውን ብነግራቸው አንዱ «አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ ፕሮፌሰር? ይልቅ ያንን አቀብለኝ!» አለኝ። በማግስቱ እንግዶቹ ከቅርንጫፍ ጋር ፎቶ ተነሡ፤ እርስዎም ሥር የሌለውን እንጨት እንደ ሕፃን እያባበሉ ውኃ አጠጡት። እንዲህ ያለ ርኅራኄ በሕይወቴ አላየሁም።

ከዚያ ቅርንጫፉ ጠወለገ፣ ሌሎች ጎብኚዎች እንደሚመጡ ተሰማ፣ ሜዳውም ድንገት ተቃጠለ። ዶክተሯ ለጥናታቸው ሣር እንደሚያቃጥሉ እውነት ነው፤ የሚያቃጥሉት ግን ሣሩ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ በታጠረ ቦታ፣ ለእርስዎ አስቀድመው አሳውቀው ነው። ይህ አሠራራቸው ለክሱ እንዴት እንደተመቸ ሳስብ የጽሕፈት ቤትዎን ብልሃት ከማድነቅ በቀር ምን እላለሁ።

እናቴ በስልክ «አንተን ምን አገባህ ልጄ፣ ፈርምና ሥራህን ያዝ» ትለኛለች። እኔም ፈሪ ነኝ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ይሁንና ዶክተሯ ከተፈረደባቸው ጣቢያው ይዘጋል፣ የቀረውም ሣር ይታረሳል፤ በዚያ ላይ የሚያርፈው የእኔ ፊርማ ነው። ስለዚህ አልፈርምም። ችሎት ቀርቤ ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ።

ለክብርዎ ከመጎንበስ በላይ ማድረግ የማይችል፣ ከሰሞኑ ሥራ ፈት እንደሚሆን የማይጠራጠር ትሑት አገልጋይዎ፣

የምርምር ጣቢያው ዘበኛ

ማሳሰቢያ፦ የተላከልኝ ቃል እሳቱን ያየሁት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሳለ ነው ይላል። በዚያ ቅዳሜ ግን እርስዎ ራስዎ በምክትልዎ በኩል አስጠርተውኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በመኖሪያ ቤትዎ ግቢ ምንጣፍ ሳጥብ ዋልኩ። ያለ ጠባቂ የቀረውን ጣቢያ ማን እንደጎበኘው አላውቅም። ባለቤትዎ ሻይ ሁለት ጊዜ ስለሰጡኝ በደንብ ያስታውሱኛል፤ በምስክርነት እንዲጠሩልኝም ለፍርድ ቤቱ አመልክቻለሁ።