ባዶ ነው ስላሉሽ ደሴት

ለልጄ ለሔርሜላ፣ ማዕበሉን የሚገሥጽ አምላክ መርከባችሁን በእጁ ይያዝልኝ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ኦሮራ ከተማ በረዶ ጥሏል፤ አባትሽ በታክሲው ግሌንዴል ሰው አድርሶ ሲመለስ መኪናው ተንሸራቶበት ነበር፣ ተመስገን ተርፏል። የባሕር ነፋስ አይታመንምና ሹራብ ደርቢ።

ትተሽው የሄድሽውን የዓለም ታሪክ መጽሐፍ በዲክሽነሪ እያነበብኩ ነው። እነዚያ የአውሮፓ መርከበኞች የሰው አገር ሲደርሱ "ባዶ መሬት አገኘን" ይሉ ነበር አሉ። አንቺም ለሆቴል ሠሪዎች የምትለኪውን ደሴት "ባዶ ነው ብለውናል" ስትይኝ ልቤ ፈራ።

ትናንት ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ በሕልሜ የበረዶው ሜዳ ባሕር ሆነ። ዳር ቆሜ ነጭ የመርከብ ሸራ ሲመጣ አያለሁ። አጠገቤ አንዲት የማላውቃት እናት ልጆቿን ወደ ኋላዋ እየሰበሰበች "እነማን ናቸው?" አለችኝ። የመጣሽው አንቺ ነበርሽ፤ ልጄ ናት ማለት አፈርኩ።

የኔ ዓለም፣ ከመርከብ ስትወርጂ መለኪያሽን ከማውጣትሽ በፊት እንደ አገራችን ደንብ ቆም ብለሽ "ቤቶች!" በይ። "ማነው?" የሚል ሰው ከወጣ፣ እባክሽ ለአለቆችሽ ባዶ አይደለም በያቸው። ሥራው ቢቀርብሽም እኛ አለንልሽ። እውነት ለመናገር የማይፈራ አንደበት ይስጥሽ።

እናትሽ ሠርካዲስ