ጣራ ሠሪው በወንበር ወረደ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ እማዬ? ጤናሽስ? ጉልበትሽን ለብቻው እጠይቃለሁ፤ «ደህና ነኝ» ስትዪ እሱን እንደማይጨምር አውቃለሁና። እኔ ወገቤም ሥራዬም ደህና ናቸው፤ ዛሬም የሰው ቁም ሳጥን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።

ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተውሽ ሰነበትሽ። በወንበር ተሸክመን እናድርስሽ ቢሉሽ፣ እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ ብለሽ አባረርሻቸው አሉ። ዕቃ መተዳደሪያዬ ስለሆነ ነገሩ እኔንም ይነካኛል። እስቲ አንድ ነገር ላጫውትሽ።

እሑድ ከሰዓት አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ተሰብስበን ወንጌል እናነባለን። ከመካከላችን አንዱ ጣራ ሠሪ ነው፤ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ከፎቅ ቤቱ ወርዶ አያውቅም ነበር። እንሸከምህ ብንለው ልክ እንዳንቺ አሻፈረኝ አለ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ እሑድ ያነበብነው አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ጣራ ነድለው ጌታ ፊት ያወረዱበትን ክፍል ነበር። ሁላችንም ስለ እምነት ያማረ ያማረ ነገር ተናገርን፤ እኔማ ስናገር ራሴን ወደድኩት። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ሳታስቀምጥ፣ «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለች።

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ጣራ ሠሪው ቤት ሄድን። ጣራ ሠሪው ሸክም መሆን አልፈልግም ሲል ባልደረባዬ፣ «ፒያኖ ያወረድን ሰዎች ነን፤ እሱም አላመሰገነን» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁን እንደ እሺታ ቆጠርነው። ልማድ ክፉ ነው መቼም፤ ባልደረባዬ ከነወንበሩ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በጠፍር አስሮ፣ ክርኖቹን በካርቶን ሸፈነለት። ደረጃው መታጠፊያ ላይ «ጫፉን ጠብቅ» ስንባባል፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ጫፉ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

ቤቷ ስናደርሰው ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን እንደገና ታነብለት ጀመር። ጣራ ሠሪው ጣራውን ማን ጠገነው ብሎ ጠየቀ። እሷ ንባቧን ቀጠለች። ጌታ የተሸካሚዎቹን እምነት አየ የሚለው ጋ ስትደርስ ግን እጁን አነሣ።

«የተኛውም ሰው ሥራ ሠርቷል፤ እንቢ አላለም» አለ። «ዕድሜዬን ጣራ ላይ ስወጣ ኖሬ እንደዚህ የከበደኝ የለም።»

እማዬ፣ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ስብከት ሁሉ ረዘመብኝ። እሑድ ጠዋት ወንድሜ ወንበሩን ይዞ ሲመጣ ቁጭ በይለት። ደረጃ ሲወርድ እሱ ከታች በኩል ይያዝ፤ በካርቶን እንዳይሸፍንሽ አስጠንቅቄዋለሁ።

ለወንድሜና ለሚስቱ፣ ለታናሿ እህቴ፣ ሁላችንንም ለምትቆጣው አክስቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጉልበትሽም ንገሪው፦ እሑድ ዕረፍት ነው።

ሸክም የማይከብደው ልጅሽ

ከዕቃ ማከማቻው ደጃፍ፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ