ቀዩ ማዘያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ሆዴ ከማሽኑ ጋር እየተጋጨ... ባለቤቴ ሃይፔንግ በቃሽ ተነሽ ቢለኝም የያዝኩትን ሳልጨርስ አልተነሳሁም። እዚህ ጣሊያን፣ ፕራቶ ዛሬም ዝናብ ነው።

ማታ አማቴ ከቻይና፣ ከዌንዡ ገቡ። ሻንጣቸው ግማሹ ዝንጅብል፣ ግማሹ የሩዝ ጠጅ። ዝንጅብል እዚህም ይሸጣል ብላቸው፣ የዚህ አገሩ ውሃ ነው አሉኝ። ከሥሩ ግን ያ ቀይ ማዘያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የመጀመሪያ ልጄን ሜይሩዎን አዝለው ወደ አገር ቤት የወሰዷት በሱ ነው። ወተቴ ደርቆ፣ እኛ ከማሽን ሳንነሳ... እኔ ላሳድግላችሁ ብለው ነበር። አሁን አምስት ዓመቷ ነው። በስልክ ስንገናኝ አክስቴ ትለኛለች።

ማዘያውን በዝንጅብሉ መልሼ ሸፈንኩት። ይሄኛውን ግን አልሰጥም። ለማን ነው የምናገረው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ወንድ። ዪቼን አልነው። ደህና ነን።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሆስፒታል። ቁርስ ብለው ከፍሪጅ የወጣ እርጎና ቀዝቃዛ ውሃ አመጡ። ሜይሩዎን ስወልድም እንዲሁ ነበር። ያኔ ነርሷ አትጠጪም ወይ ስትለኝ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እሷም የተግባባን መስሏት ሄደች። በጥሜ ዋልኩ። አራስ ቀዝቃዛ አይነካትም ብዬ በምን አፌ ላስረዳ?

ዛሬ ግን አዋላጇ፣ ኦርኔላ የምትባለው፣ ያልተነካውን ብርጭቆ አየችው።

"እናንተ ዘንድ አራስ ምን ትጠጣለች?" አለችኝ።

ሙቅ ውሃ፣ አልኳት። ሄዳ ፔርሙስ ሙሉ ይዛ መጣች። መስኮቱንም ዘጋችልኝ። አለቀስኩ። ሰው ለሙቅ ውሃ ያለቅሳል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ቤት ነኝ። ወሩን ሙሉ መውጣት የለም፣ ፀጉር መታጠብ የለም፣ ኮፍያ ማውለቅ የለም። ጠዋት ዶሮ፣ ቀን ዶሮ፣ ማታ ዶሮ። በዝንጅብልና በሩዝ ጠጅ። አማቴ ጠጁን የሚጨምሩት ድስቱን ካወረዱ በኋላ ነው፣ ጉልበቱ እንዳይበር ብለው። ሲጣፍጥ... ሙቀቱ እስከ እግሬ ጣት ይወርዳል።

ዪቼን እንቅልፋም ነው። ጡቱን እንደጎረሰ ያሸልበዋል። አማቴ ጨዋ ልጅ ይሉታል።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ኦርኔላ ቤት ድረስ መጥታ መዘነችው። ፊቷ ተለወጠ። ሲወለድ ከነበረውም ቀንሷል። እስከ ዓርብ ካልጨመረ ሆስፒታል ይገባል አለች።

ስተረጉምላቸው አማቴ ወጥ ቤት ገቡ። ቆይተው ወጡና፣ "ወተትሽ እንደዚያኛው ጊዜ ሆኗል፣ ልጄ። የዱቄት ወተት እየሰጠሁ እኔ ይዤው ልሂድ" አሉ።

ሃይፔንግ አቀርቅሮ ዝም። ምን ነካው? እኔስ ምን ዘጋኝ?

ማዘያው ከሻንጣ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደዚያ ላለማየት ዞሬ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ኦርኔላ ሳትጠራ መጣች። ምን እየበላሽ ነው አለችኝ። ዶሮ፣ አልኳት። አማቴ ልትሰልለን የመጣች መስሏቸው ኮስተር ብለዋል። እሷ ግን ወጥ ቤት ድረስ ገብታ፣ እማማ፣ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ፣ ያስቀምሱኛል ወይ አለች። እንግዳ እምቢ አይባል። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ቀዱላት። ጥርግ አድርጋ በላች፣ መረቁንም ጠጣችው። ጉንጯ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። እንዲህ ሆኜ ብነዳ ፖሊስ አይለቀኝም" ብላ ሳቀች።

ተረጎምኩ። አማቴም ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ቆመ። የተኛውን ልጅ አዩት፣ ደረቴን አዩ።

"እሱም ሰክሮ ነው እንዴ የሚተኛው? ጠይቂያት።"

ጠየቅኳት። አዎ፣ በወተቱ ያልፋል፣ ያስተኛዋል፣ ካልጠባ ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል አለች። አልተቆጣችም። ዝንጅብሉ ይቀጥል፣ ዶሮውም፣ ኮፍያውም፤ ጠጁ ብቻ ጡት እስኪጥል ይቆይ። እየቀሰቀስሽ አጥቢው አለችኝ።

አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "በሜይሩዎም ጊዜ ያንኑ ነበር የምሠራልሽ" አሉ።

ይህቺን ለኦርኔላ አልተረጎምኩላትም። የኔና የሳቸው ናት። ልናደድ ፈልጌ ነበር... አልሆነልኝም። ለሁለታችንም አዘንኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ጨመረ። ትንሽ ነው፣ ግን ጨመረ።

አሁን ሲርበው ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠዋል። ይሄ ባለጌ፣ ይላሉ አማቴ ደስ ብሏቸው። ሃይፔንግ ከማሽኔ አጠገብ አልጋ ሠራለት። አፉን ሳይከፍት መልሱን ሰጠ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

ወሩ አልቆ ፀጉሬን ከታጠብኩ ሰነበትኩ። ጭንቅላቴ ቀለለኝ።

አማቴን ዛሬ ሸኘናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ማዘያውን ከቦርሳቸው አወጡት። ሐሳባቸውን ቀየሩ እንዴ? ዪቼንን ከእጄ ተቀበሉኝ። ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝና ጀርባዬ ላይ አዘሉት፤ ደረቴ ላይ ራሳቸው ቋጠሩት።

"ጠበቀብሽ?"

"ደህና ነው፣ እማዬ።"

"ትምህርት ሲዘጋ ሜይሩዎን አመጣታለሁ። እናቷን ትወቅ።"

ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዪቼን ነቅቶ ጩኸቱን ለቀቀው። ዞር አሉ። ከሩቅ በእጃቸው፣ ቁጭ ብለሽ አጥቢው አሉኝ።