የፓስተር ላሮንድ የደቦ ተራ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ከባልሽ ሙት ዓመት ወዲህ ድምፅሽ ጠፍቶብኛል። ያ የወገብሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይስ ጓድሎፕም ዝናቡ በርትቷል? እኛ፣ ክብር ለፈጣሪ፣ ቆመን እንሄዳለን። ጎረቤታችን እማማ ፕሮስፐር እግራቸው አብጦ ተኝተው ነበር፤ አሁን ተነስተዋል፣ መሳደብም ጀምረዋል። ልጃቸው መንታ ወልዳላቸው፣ "አንዱ ይበቃን ነበር፣ ሌላውን ለማን ልስጥ?" እያሉ ሁለቱንም ከጉያቸው አያወርዱም።

እሳቸውን ያነሳሁት ያለነገር አይደለም። ፓስተር ላሮንድ ጡረታ ወጡ። አዲሱ ፓስተር በወሩ መጨረሻ ከነቤተሰቡ ስለሚገባ የቤተ ክርስቲያኑን ቤት ሊለቁለት ግድ ነው። የራሳቸው ጎጆ የላቸውም፤ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ከተማ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ልሄድ ነው ብለው መጻሕፍታቸውን በካርቶን ማሰር ጀምረዋል። እሑድ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኢራስመስ ተነሱና፣ ስማቸው የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ እንሸልማቸዋለን አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እማማ ፕሮስፐር ከኋላ ሆነው፣ "የሚሰቅሉበት ግድግዳ ሳይኖር ሰሌዳ! አንገታቸው ላይ ሊያንጠለጥሉት ነው?" ይሉልሻል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እዚህ አገር ደቦ ተራ አለው፤ ዛሬ ለሰው የወጣ ነገ ሲጠራ ይወጡለታል። ያ አውሎ ነፋስ ጣሪያችንን ጠራርጎ የወሰደ ጊዜ፣ ምስማር በጥርሳቸው ነክሰው ጣሪያ ለጣሪያ ሲዞሩ የከረሙት ማን ናቸው? ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ያልተገኙበት የት ነው? የራሳቸውን ተራ ግን አንድ ቀን አልጠሩም። ተነሳሁና፣ "ተራቸው አሁን ነው፣ ቤት እንሥራላቸው። ቦታው ከእኛ!" አልኩ።

ከወረስነው መሬት የኔ ድርሻ በኔና በልጄ ቤት ሞልቷል። ባዶ ያለው ያንቺ ነው፣ ከወንዙ በላይ ያለው። ጋሽ ኢራስመስ፣ "አንቺ ልጅ፣ የእህትሽስ ቃል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወራሽ ዝም ባለበት መሬት ችካል አይተከልም፣ ለደቦም ማንም አይወጣም። "የእህቴን ቃል አመጣለሁ" ብዬ ቁጭ አልኩ። ሳላማክርሽ ነው፣ ተቆጪኝ። ወደ ኋላ ግን አልልም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰው አላጣም። አናጢው ፌሊክስ፣ "ሳንቃው ከኔ። እህትሽ እሺ ካለች ቅዳሜ ማለዳ ትልቁን ዛጎል እንደ መለከት ነፍቼ መንደሩን እቀሰቅሳለሁ" አለ። ዓሣ ሻጯ ክላሪስ ደግሞ፣ "ጎደሬውንና ዓሣውን እኔ እቀቅላለሁ። አንቺ እንደሆንሽ ጨው ታበዢያለሽ" አለችኝ። ለፓስተር ስል ዋጥኳት። ጋሽ ኢራስመስም ሰሌዳውን ትተው ቆርቆሮ ይዘው መጡ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ፓስተር ራሳቸው መጡ። ደጅ ቆመው፣ "ለኔ ብላችሁ አትልፉ፣ እኔ እሄዳለሁ" አሉ።

"ፓስተር፣ ስንት ዘመን ሲያዙን ኖሩ፤ አንዴ እንኳ ይታዘዙን እንጂ!" አልኳቸው።

ሳቁ። የትኛው ቦታ ነው አሉ። የእትዬ ድርሻ ነው ስላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ "ከቋጥኙ ጀርባ ያለው የማንጎ ዛፍ ዛሬም አለ?" አሉኝ። አውሎ ነፋሱ ወስዶታል አልኳቸው። እትዬ፣ ያ ዛፍ ከመንገድ አይታይም። እኔ ራሴ ያወቅሁት ልጅ ሆነን አንቺን ስፈልግ ነው። እንዴት አወቁት ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ አንቺንም አልጠይቅሽም።

ደብዳቤውን የሚያደርስሽ የፌሊክስ ወንድም ነው። መልስሽን ሳይዝ ጀልባ እንዳይሳፈር ነግሬዋለሁ። መልሱን ግን ለኔ አትጻፊው፣ ለሳቸው ጻፊው። ጌታ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን በሰላም ይክፈትልሽ፣ ልብሽንም አይዝጋብሽ። ሲሄዱ በሩ ላይ ዞር ብለው ያሉኝን ልንገርሽና ላብቃ፦ "እሷ ራሷ ኑ ካላለችኝ በቀር እግሬን እዚያ አላሳርፍም። ካለችኝ ግን ከዚያ የሚያነሳኝ የለም" ነው ያሉኝ።

ታናሽ እህትሽ