የአባትሽ ሽቦ እና የእትዬ ስታመና ቋሊማ

ዶልኒ ያሰን፣
ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 30

ለምወድሽ ልጄ ለዞርኒትሳ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱስ? «እማዬ፣ እዚህ አሁን በጋ ነው» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ በረዶ ላይ የሚኖር ሰው ስለ በጋ ሲያወራኝ ግን ሆዴ አያምንም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። አባትሽም ደህና ነው። አሁን ደህና ነው ማለቴ ነው። ከገና በፊት ብትጠይቂኝ ሌላ መልስ ነበር የምሰጥሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ከሁለተኛው ቡድን ጋር ወደ ጣቢያችሁ የሚመጣው ሐኪም ነው። ሁለት ጥቅልም ሰጥቼዋለሁ። አንዱ የሱፍ ካልሲና ቋሊማ ነው። ሌላውን፣ በጥቁር ፕላስቲክ የታሰረውን፣ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ሽቦ ነው» አልኩት። «ለደቡብ ዋልታ ሽቦ?» ብሎ ካናቴ እስከ እግሬ አየኝ። ደግ ሰው ይመስላል፤ አላገባም አሉ። እሱን ተይውና ሽቦውን ከመፍታትሽ በፊት ይህን አንብቢ፤ ሽቦው ብዙ ወሬ አለው።

ስትሄጂ በራችን ላይ የተባለውን አልደግመውም ብዬ ነበር፤ ካልደገምኩት ግን ነገሩ አይገናኝም። «የመንደራችንን የመንገድ መብራት የሚጠግን ጠፍቶ እኛ በጨለማ እንደናበራለን፤ እሷ ለፔንጉዊን መብራት ልታበራ ትሄዳለች» አለ አባትሽ። ቀጥሎም «ስልክ ብትደውይ አላነሳም፣ ድምፅሽንም መስማት አልፈልግም» አለ። አንቺም ሻንጣሽን አንስተሽ አንድ ቃል ሳትመልሺ ወጣሽ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ያን ቀን ማንም አይስተውም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንቺ በደወልሽ ቁጥር እሱ ዶሮ ሊቆጥር ይወጣል። ያሉን ዶሮዎች አራት ናቸው።

በኖቬምበር «ማርች ላይ ሥራው ሲያልቅ ቺሌ ሥራ አለልኝ፤ እዚያው ሳልቀር አልቀርም» ያልሽኝን እራት ላይ ነገርኩት። እግረ መንገዴን፣ እሑድ እሑድ ምሽት በጣቢያችሁ ሬዲዮ ላይ ተቀምጠሽ በትርፍ ጊዜው ሬዲዮ እየነካካ ከዓለም ዙሪያ ከሚጠራሽ አማተር ሁሉ ጋር እንደምታወሪም ነገርኩት፤ እንዲያው ለወሬ ያህል። ሾርባው ላይ ጨው ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። በማግሥቱ ከሰገነቱ ላይ ኮሽኮሽ ሲል ሰማሁትና ወጣሁ። በወጣትነቱ በፋብሪካው የሬዲዮ ክበብ ውስጥ ሳለ የሚያወራበትን ያን ከባድ ሬዲዮ አቅፎ ተቀምጧል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«አቧራ እያራገፍኩ» አለኝ።

አቧራውን ለማራገፍ ከከተማ ፔንዮን አስጠራ። ፔንዮን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ የክበቡ ጓደኛው፣ ሚስቱ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር የሄደችበት። ወንበር ሳይስብ ነው የጀመረው።

«አንተ ዶብሪ፣ አላናግራትም ብለህ ምለህ የለም እንዴ?»

«እኔ የማልኩት ስለ ስልክ ነው። ይሄ ስልክ ይመስልሃል?»

«ድምፅዋንም አልሰማም ብለሃልኮ።»

«መስማት አልፈልግም አልኩ እንጂ አልሰማም መቼ አልኩ? ሰው የማይፈልገውንም ይሰማል። ይኸው ያንተን እየሰማሁ አይደል።»

እኔ የዓለም ጫፍ የሚደርስ ነገር ትልቅ የብረት ማማ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተራ የመዳብ ሽቦ ነው። ዳይፖል ይሉታል፤ ሁለት እኩል ክንድ አለው፣ እያንዳንዱ አምስት ሜትር ከምናምን። መሃል ላይ ሁለቱ ክንዶች አይነካኩም፤ እዚያ ላይ እንደ ዲሽ ገመድ ያለ ጥቁር ገመድ ይመጣና የውስጡ ሽቦ ለአንዱ ክንድ፣ በዙሪያው ያለው የተጎነጎነው ደግሞ ለሌላው ይበየዳል። ሁለቱን ክንዶች አለያይቶ የሚይዘው ነገር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መሆን አለበት ብለው ሁለቱ ሽማግሌዎች ኩሽናዬን ሲያምሱ ዋሉና ያችን ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያዬን መረጡ። አሁን ጣራችን ላይ ናት። ሽንኩርት የምከትፈው ሳህን ላይ ነው።

መሃሉን ጣራችን ላይ በቆመ ምሰሶ ሰቀሉት። አንዱ ክንድ ቁልቁል ወደ ዋልነት ዛፋችን፣ ሌላው አጥሩን ተሻግሮ ወደ እትዬ ስታመና መጋዘን ወረደ። ለዚህኛው ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን።

«ቴሌቪዥኔን ካልነካ ምን ገዶኝ» አሉ እትዬ ስታመና። ቀና ብለው ሽቦውን አዩና «ደግሞ ጥሩ አየር ያለበት ቦታ ነው» ብለው ጨመሩ። ይህቺን ሁለተኛዋን ቃል ማናችንም ልብ አላልናትም።

ሬዲዮው መኝታ ቤታችን ተቀምጧል፤ ጥቁሩ ገመድም የገባው በዚያው መስኮት ነው። ስለዚህ መስኮቱ አይዘጋም፤ ክፍተቱ ላይ የድሮ ሻርቤን ጠቅጥቄ ኮፍያ አድርገን እንተኛለን። ምነው ያልኩት እንደሆነ «ልጅሽ የት እንዳለች አስቢ» ይለኛል። ሲመቸው የእኔ ልጅ ብቻ ነሽ።

አባትሽ በሬዲዮው መጀመሪያ የተናገረ ቀን እትዬ ስታመና በሻሽና በነጠላ ጫማ፣ በረዶውን እየረገጡ መጡ።

«አንተ ዶብሪ፣ ድራማዬ ውስጥ ምን ትሠራለህ? ሰውየው አግቢኝ ሊላት ተንበርክኮ አፉን ሲከፍት እንደ እንቁራሪት ጮኸ።»

ፔንዮ እንዳስረዳው ከሆነ ኃይሉ በሽቦው መውጣት ሲገባው በገመዱ ቆዳ ላይ ተመልሶ እየወረደ ነበር። መድኃኒቱ ገመዱን አንቴናው ሥር ደጋግሞ መጠምጠም ነው አለ። አባትሽ በኮምጣጤ ጀሪካኔ ዙሪያ ጠመጠመው። ሰውየውም በሰላም አገባት።

ዋናው መከራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሽቦው ርዝመት ልክ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሬዲዮው የሚልከው ኃይል ወደ ራሱ ይመለሳል። ይህን የምትናገር መርፌ ያላት ትንሽ መለኪያ አለች። አባትሽ ከሰዓት በኋላ ይለካና «ረዝሟል» ብሎ ከጫፉ ይቆርጣል፤ መርፌዋም ቦታዋ ትቆማለች። ጠዋት ሲነሳ ያችው መርፌ «አጥሯል» ትለዋለች። የቆረጠውን መልሶ ይበይዳል። ከሰዓት ደግሞ ይረዝማል። ያ ሽቦ ከብየዳ ብዛት እንደ መቁጠሪያ ጉብጉብ ብሎ ነበር።

«መዳብ በብርድ ይኮማተራል» አለው ፔንዮ በስልክ።

«ይኮማተራል እንጂ እንደ ሕፃን በቀን አድጎ በሌሊት አያንስም» አለና ዘጋበት።

መጀመሪያ ስቄበት ነበር። ኋላ ግን ጢሙን መላጨት ተወ። አንድ ጠዋት መበየጃውን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ አገኘሁት።

«ኔዳ፣ እጄ አርጅቷል» አለኝ። «አምስት ሜትር ሽቦ ልኩን መቁረጥ አቃተኝ። እሑድ መጣ እሑድ ሄደ፣ ዞርካ እዚያ ለማንም ለምንም ትመልሳለች፣ እኔ እዚህ ሽቦ እቀጥላለሁ። ማርች ደግሞ እየመጣ ነው።»

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ሲጠራ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር። ሻዩን አቀረብኩለት።

ወራቱ እሪያ የሚታረድበት እንደነበር አትርሺ። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት አባትሽ ሬዲዮውን ከፍቶ «የሚሰማኝ አለ?» ብሎ ሲጣራ ከአጥሩ ወዲያ «ውይ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ስታመና አንድ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው ቋሊማ አንጠልጥለው ገቡ።

«ዶብሪ፣ ነከሰኝ።»

«ምኑ?»

«ቋሊማዬ ነዋ።»

«እትዬ፣ ቋሊማ እንዴት ይነክሳል?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ያንተን ሽቦ ጠይቀው። እስከ ዛሬ በሰላም ስሰቅልበት ኖሬ ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ።»

አባትሽ ጣታቸውን አየ፣ ቋሊማውን አየ፣ በቋሊማው ራስ ላይ ያለውን የብረት ማንጠልጠያ አየ። ሮጦ ወደ አጥሩ ሄደ። የሽቦው ጫፍ፣ መጋዘናቸው አጠገብ ዝቅ ያለው፣ የቅርንጫፍ ያህል ቋሊማ አፍርቷል። ከሰዓት ንፋስ እንዲመታው ይሰቅሉታል፤ ሲመሽ ድመት እንዳይበላባቸው ያወርዱታል። ከእኛ መስኮት መጋዘኑ አይታይም።

ለካ ጫፉ ላይ እርጥብ ሥጋ የተሰቀለበት ሽቦ የረዘመ ያህል ነው የሚሆነው። አባትሽ ለቋሊማው ሲቆርጥ፣ ለባዶው ሲቀጥል ከርሟል። ኃይሉም የሚበረታው ጫፉ ላይ ነው፤ ሬዲዮው ሲናገር የነካው ሰው ይቃጠላል።

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እትዬ ስታመና «ምን ያስቃል፣ ጣቴ ተላጠኮ» ይላሉ፤ እሱ ወደ እኔ ዞሮ «አላረጀም፣ ኔዳ። እጄ አላረጀም» ይለኛል።

ቋሊማው ከሽቦው ይውረድ ቢባል እትዬ ስታመና እምቢ አሉ። የሽቦውን ጫፍ ከመጋዘኑ ጋር ያሰረው ገመድ ላይ ይሁን ቢባል እዚያ ድመቱ ይደርሳል። ስለዚህ ሬዲዮው የነበረበት ሰገነታችን ላይ ተሰቅሏል። ቤቱ ሁሉ ይሸታል። የላክንልሽ ቋሊማ ኪራይ ነው፤ የነከሳቸው ራሱ መሆኑን እንድነግርሽ አደራ ብለውኛል።

እሑድ ጠዋት አባትሽ ጢሙን ተላጨ። ያን ሰማያዊ ሸሚዙን ለበሰ። ለሬዲዮ። ሲመሽ ተቀመጠ፤ እኔም ካፖርቴን ደርቤ አልጋው ላይ ዋልነት መፈልፈል ያዝኩ። ጠራ፣ ጠበቀ፣ ጠራ። አንድ ጣሊያን መለሰለትና በትሕትና አሰናበተው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ፉጨት መሃል ያንቺ ድምፅ መጣ። የያዝኩት ዋልነት ከእጄ ወደቀ።

በዚያ በኩል አንቺ ነበርሽና ያልሽውን ታውቂያለሽ። እዚህ የሆነውን ልንገርሽ። «እንደምን አመሹ፤ ጥሪዎን ሰምቻለሁ፤ ስሜ ዞርኒትሳ ይባላል» ስትይ፣ እንዳወቅሽው እኔ አወቅሁ፤ ድምፅሽ መሃል ላይ ቀጥኗልና። እሱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «እንደምን አመሹ። ስሜ ዶብሪ ይባላል። የምኖረው ዶልኒ ያሰን ነው» አለሽ። አንቺን እርስዎ ሲል። ዳይፐርሽን የቀየረ ሰው። በሬዲዮ ደንብ ደግሞ ሌላኛው እንዴት እንደሚሰማ መናገር ግዴታ ነው። ማይክሮፎኑን ይዞ ዝም ብሎ ቆየ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ሊሆን ይችላል። አልተቋረጠም።

«ድምፅዎን...» አለ። «ድምፅዎን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። አምስት ዘጠኝ።»

ፔንዮን ጠይቄዋለሁ፤ ለድምፅ ጥራት የሚሰጥ ነጥብ ነው፣ ከአምስት ዘጠኝ በላይ የለም አለኝ።

ከዚያ ስለ አንቴና ያወራችሁትን ሁሉ ተቀምጬ ሰማሁ። እሱ ስለ ምሰሶው ቁመት ይነግርሻል፣ አንቺ ስለ ነፋሳችሁ ትነግሪዋለሽ። ምነው ወደ ቁም ነገር ቢገቡ እያልኩ ጣቴን ነክሻለሁ። በመጨረሻ «ሥራዎ መቼ ያልቃል?» አለሽ። «ማርች» አልሽ። «ከማርች በኋላስ ወዴት ነሽ?» አለ። ነሽ አለ፤ ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም። አንቺም «ከማርች በኋላ» ብለሽ ስትጀምሪ ድምፅሽ ጠፋ።

እስከ እኩለ ሌሊት ሲጣራ ቆየ። ሰኞ በስልኬ «አንቴናችንን ነፋስ በጠሰው፤ ደህና ነኝ፤ ሌላ እስኪመጣ አየር ላይ የለሁም» ብለሽ የላክሽው ባይደርሰኝ ሽቦውን እንደገና ሊቆርጠው ነበር። በስልክ ልጠይቃት ብለው «የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ትመልስ» ብሎ ስልኬን ከዶሮዎቹ ቤት ሊደብቅብኝ ደረሰ።

ትናንት ቀኑን ሙሉ የኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ሠራው። ጥቁሩ ጥቅል እሱ ነው። መሃሉን የያዘችው የመክተፊያዬ ግማሽ ናት፤ ከጣራ አውርዶ ለሁለት ከፈላት፤ ሌላውን ግማሽ ጣራችን ላይ ታገኛለሽ። ጠንካራ ሽቦ ነው፣ ለነፋሳችሁ ብሎ እጥፍ አድርጎታል። ደብዳቤ ጻፍላት ብለው አልጽፍም አለ፤ ይህን ብቻ ንገሪያት አለኝ፦ ክንዶቹን ሆን ብሎ ትንሽ አስረዝሟቸዋል፤ እየለካሽ ከጫፍ ከጫፉ ቁረጪ። ገመዱን ሥሩ ላይ መጠምጠም አትርሺ። ጫፉ ላይ ማንም ምንም እንዳይሰቅል።

ሸማኔ የማይሠራውን ቋጠሮ ነው የቋጠረው፤ ስትፈቺው ጥፍርሽን እንዳትሰብሪ።

አምላክ ከነፋሱም ከበረዶውም ይጠብቅሽ፤ እግርሽ በረገጠበት ሁሉ የሚሞቅ ቤት ይስጥሽ። ካልሲውን ደራርበሽ አድርጊ። ሐኪሙን ሻይ ጋብዢው፣ ብዙ ነው የተሸከመልሽ።

ሽቦውን በሰቀልሽበት እሑድ እሱ መስኮቱ ሥር ይኖራል፣ ተላጭቶ። እኔም አልጋው ላይ ነኝ። ሬዲዮ ላይ ዋና ነገር ይደገማል ይላል ፔንዮ፣ ንፋስ እንዳይበላው። እንግዲህ ከማርች በኋላ ቤቴ እመጣለሁ የምትይ ከሆነ ሁለቴ በይው፤ አንዱን እሱ ይስማው፣ አንዱን እኔ።

እናትሽ
ኔዳ