ቀዩ አበባዬ በጥቁር ጨርቅ ውስጥ

ሚያዝያ ፲፮ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.፣ አዳማ

መሪጌታ፣ ሳያሳምሩ እንዳልኩዎ ይጻፉልኝ።

ከአዋሽ ዳር ቆፍሬ ያመጣሁት ሽንኩርት መሳይ ሥር ዘንድሮም አበበ። በዓመት አንዴ፣ ለሳምንት ብቻ ነው፤ የሕፃን ራስ የሚያህል ቀይ ኳስ! በከተማው ከእኔ ጓሮ በቀር የትም የለም። የከርሞውን አላየው ይሆናል ብዬ አርመናዊውን ፎቶግራፍ አንሺ ከባቡር ጣቢያው አስጠራሁት።

ባለቤቴ ዓይን እንዳይበላው በነጠላዋ ሸፍናው፣ አልገልጥም አለች። ሰውየው ከፎቶግራፍ ማንሻ ሣጥኑ ኋላ ጥቁር ጨርቅ ሲከናነብ ግን፣ "እሱስ ጨዋ ነው፣ ዓይኑን ሸፈነ" ብላ ገለጠችው።

"አባቴ፣ ቀይነቱ ፎቶግራፉ ላይ አይወጣም፤ ጥቁር ነው የሚሆነው" አለኝ ሰውየው።

"ታዲያ ምን ይረባኛል?"

እጄን ይዞ ከጨርቁ ሥር አስገባኝ። ፈጣሪዬ! አበባዬ የሣጥኑ መስተዋት ላይ ፍም መስሎ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ሰማይ ረግጣ ቆማለች፤ አትወድቅም። እኔም ከጨርቁ ሥር አልወጣም አልኩ።

መሪጌታ፣ ፎቶግራፉ ሲመጣ ከጀርባው "ቀይ ነበር" ብለው ይጻፉልኝ፤ በቀዩ ቀለምዎ። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው ይሉኛል። ይህንንስ አበባ ማን ቀባው?

ብዕርዎን አስቀመጡ። ማስቀመጥዎንም ይጻፉ።