ለከርነል አማላጅ

መቱ፣ ሐሙስ ሰኔ 12

ዛሬ ያፈርኩትን እፍረት ለማን እነግራለሁ! ጠዋትማ ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ነበር። ልጄ ሜቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ነው። አዲሱን ሻሼን አስሬ ከፊት ተቀመጥኩ።

"ፕሮግራም በራሱ ዲስኩን አይነካም" አለች። "ፋይል ልክፈት ብሎ ከርነሉን ይጠይቃል። ከርነሉ የኮምፒውተሩ የውስጥ አዛዥ ነው፤ ፈቃድ የሌለውን ይመልሰዋል።" ከዚያ አንድ ነገር ስትጽፍ ግድግዳው ላይ በቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። "ተከልክሏል" ይላል፤ ይቺን ይቺንስ አነባለሁ።

ወደቀች ብዬ ብድግ አልኩ። "ጌቶቼ፣ ስለ ማርያም አሳልፉልኝ! እንቅልፍ አጥታ የሠራችው ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለካ የደከመችው ከርነሉ ፈቃድ የሌለውን መከልከሉን ልታሳይ ኖሯል! አንዱ ተማሪ፣ "ለከርነልም አማላጅ መጣ!" አለ። ፈታኙ መምህር ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "እትዬ፣ ይቀመጡ። እናቷ ነዎት?" አሉኝ።

በእኔ እንዳትዋረድ ብዬ፣ "ኧረ ጎረቤቷ ነኝ" አልኩ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሥራዋ እንደተወደደላት ነገረችኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ "እማዬ፣ ሳቁስ ይሁን፤ ጎረቤቷ ነኝ ያልሽው ግን ለምንድን ነው?" አለችኝ።

እኔ ለፍላፊዋ እስከ ቤት ድረስ ስለ እራቱ ወጥ ሳወራ መጣሁ። ምክንያቱን እራት ላይ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እራቱም ተበላ።